ከመስመሩ ጋር ስንጣላ ውኃውን ረሳነው

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የጎጃም ከተሞች በአንዷ፣ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። የከተማዋንም ሆነ የተከራከርነውን መሥሪያ ቤት ስም ከመጥቀስ የምቆጠበው ፈርቼ ሳይሆን፣ ያኔ በጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ የተፋጠጥን ሰዎች ዛሬ በአንድ ዕድር የምንቀባበር ስለሆንን ነው። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ ስለ ጎርፍም ሆነ ስለ ፕላን ሕግ የማውቀው ሁሉ ቤቴ ሁለት ክረምት ውኃ ከገባበት በኋላ የተማርኩት ነው። ይህን የምጽፈው ወንዝ ዳር የምትኖሩና «ቦታችሁ ለጎርፍ የተጋለጠ ነው» የሚል ወረቀት የደረሳችሁ ወይም ሊደርሳችሁ ያለ ሰዎች፣ እኛ ያባከንነውን አንድ ዓመት ተኩል እንዳታባክኑ ነው።

ወንዛችን በበጋ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ነው። ከሰፈሩ በላይ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የሚተኛበት ሰፊ ጨፌ ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከዚያ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጨፌው ለቤት ሥራ ማኅበራት ተሸነሸነ፤ በዓመቱ መንገዱ ኮብልስቶን ተነጠፈ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሠሩት ቦዮችም በእኛ ሰፈር መግቢያ ላይ ተገናኝተው በአንድ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ወደ ወንዙ እንዲያልፉ ተደረገ። ያን ጊዜ ማናችንም ምንም አላልንም። እንዲያውም መንገድ መጣልን ብለን ለሠራተኞቹ ጠላ አውጥተናል።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ የሰፈራችን የአካባቢ ልማት ፕላን በቀበሌ አዳራሽ በቀረበ ዕለት ነው። አርፍጄ ገባሁ፤ በር ላይ በተቀመጠው የስም ዝርዝር ላይ ፈረምኩ፤ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈው ካርታ ከሩቅ ስለማይነበብ ጥቂት ተቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከወራት በኋላ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ሳገኝ «ተሳታፊዎቹ በቀረበው ፕላን ላይ ተወያይተው በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል፤ ከሥሩ የተያያዘው ደግሞ ያ በር ላይ የፈረምንበት ዝርዝር ነው፤ የእኔ ስም 17ኛ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ ስትገኙ፣ ከፊርማችሁ ጎን «መገኘቴን ብቻ የሚያረጋግጥ» ብላችሁ ጻፉ፤ ተቃውሞ ካላችሁም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እንደምታቀርቡ አስመዝግቡ። ነገሩ የሰው አለመተማመን ይመስላል፤ አይደለም። ወረቀት የሚያወራው የተጻፈበትን ብቻ ነው።

ፕላኑ ያመጣው ደንብ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ከወንዙ ዳርቻ በሁለቱም በኩል 30 ሜትር ድረስ ያለው ቦታ የአረንጓዴ ቀጠና ይሆናል፤ በውስጡ አዲስ ቤት አይሠራም፤ ያለውን ማስፋትም ሆነ ለዕድሳት ፈቃድ ማግኘት አይቻልም፤ ባለይዞታዎቹም ወደፊት ይነሣሉ። በዚህ መስመር ውስጥ 23 ቤቶች ወደቁ። የእኔ ቤት በሦስት ሜትር ያህል አመለጠ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ሌሊት ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ የዝናቡ ድምፅ ሳይሆን የድስት መንኳኳት ቀሰቀሰን። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነበር። የጤፍ ዱቄት የያዘው ማዳበሪያ ከሥሩ ረጥቦ ወደ ላይ እየሳበ ነበር፤ ሚስቴ ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ኩራዝ ትፈልጋለች። አንድ ነገር ግን ዛሬም ድረስ በዓይኔ ላይ አለ፦ የትንሿ ልጄ የላስቲክ ጫማ ከመንገዱ በር ተነሥቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ በጓሮው በር በኩል ወደ ወንዙ ተንሳፍፎ ወጣ። ውኃው ከወንዙ ቢመጣ ኖሮ ጫማው ወደ መንገዱ በሄደ ነበር። የክርክራችን መልስ ያን ሌሊት በፊቴ አልፎ ሄደ፤ እኔ ግን የማየው ዱቄቱን ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ሌላ ሰው ጎድቻለሁና። የሁለት ወር ደመወዜን አውጥቼ በመንገዱ በኩል 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ አሠራሁ። በነሐሴ ሌላ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቤቴ ደረቅ ሆኖ አደረ፤ እኔም ጠዋት ተነሥቼ ግንቤን እንደ ጀግና ዞሬ አየሁት። ከዚያ ከጎረቤቴ ከእማሆይ ግቢ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። እማሆይ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኵሲት ናቸው፤ የገብስና የባቄላ ጎታቸው እስከ ወገቡ ርሶ፣ በእጃቸው እያፈሱ በሰሌን ላይ ያሰጡታል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ ደኅና አደሩ?» አሉኝ። ደኅና ናቸው አልኳቸው። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ያንተ ግንብ ለእኔ ላከው መሰለኝ ልጄ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሳምንቱ ግንቡን በራሴ እጅ አፈረስኩት።

በራሳችሁ ይዞታ ላይ ግንብ ወይም አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ስትደረድሩ፣ ያቆማችሁት ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ሳታዩ አንድ ድንጋይ አታንሡ። ደፍን ከፍ ማድረግ፣ እህልን ቆጥ ላይ መስቀል፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ወደ ላይ ማዛወር ማንንም ሳይጎዳ ብዙ ያድናል።

ሦስተኛው የሁላችንም ስሕተት ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ሰፈሩ ተሰብስቦ ደንቡ «ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ» የሚጠይቅ አራት ገጽ አቤቱታ ጻፈ፤ 83 ሰው ፈረመበት። ደብዳቤው በዋይታና በስድብ የተሞላ ነበር፤ ፕላኑን ያዘጋጁትን ሰዎች ጉቦኞች ብለናል፤ ማስረጃ ግን አንድም አላያያዝንም። ከዚህ የባሰው፣ አቤቱታውን ለኃላፊው በእጅ ሰጥተን መውጣታችን ነው። ከሦስት ወር በኋላ መልስ ስንጠይቅ ደብዳቤው «አልተገኘም» ተባልን። እኔ ቁጥር የሌለውን ደረሰኝ በሥራዬ ለ15 ዓመት ስመልስ የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ቤቴ ጉዳይ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ሰጥቼ ወጣሁ። ማንኛውንም ጽሑፍ በመዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግበት ከመስኮቱ አትራቁ።

ያን ሰሞን ከጎረቤቶቻችን ለአምስቱ የማስለቀቂያ ትእዛዝ በጽሑፍ ደረሳቸው። ከአምስቱ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ወረቀቱን ካልፈረምኩበት አይጸናም ብለው ከቤታቸው ካርታ ጋር በሣጥን ቆልፈው ለ41 ቀን አስቀመጡት። ስለ መሬት ማስለቀቅና ስለ ካሣ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ግን አቤቱታ ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚቀርበው ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሰውየው ካሣቸውን ተቀብለው ተነሡ። በኋላ መስመሩ ሲስተካከል የእሳቸው ቦታ ከመስመሩ ውጭ ሆነ፤ ቤታቸው የነበረበት ከፍታ ላይ ዛሬም የጎርፍ ጠብታ አይደርስም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ፕላንን መቃወም አንድ ነገር ነው፤ የማስለቀቂያ ትእዛዝን መቃወም ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ቀን ተቆጥሮበታል፤ ስለዚህ ትእዛዝ በደረሳችሁ ዕለት የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ እንደሆነም በዚያው ሳምንት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

ነገሩ የተለወጠው በሚያዝያ 2012 ነው። እማሆይ ከሰንበቴ ስንመለስ በወንዙ ዳር ወዳለው ትልቅ ሾላ ወሰዱኝና ሥሩን በመቋሚያቸው ነኩት። «በልጅነታችን ወንዙ ሲሞላ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ከሾላው በታች ቤት አይሠራም ይሉን ነበር። እናንተ ግን ቤቱም ይቅር አትሉ፣ ውኃውም ይምጣ አትሉ፤ ምኑን ነው የምትከራከሩት? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። በማግስቱ ከሾላው ጀምሬ የድሮ ሰዎችን እየጠየቅሁ ዳርቻውን ሁሉ በሜትር ለካሁ። ወንዙ ቀድሞ ይደርስበት የነበረው ምልክት በአንዳንድ ቦታ ከዳርቻው 12 ሜትር ብቻ ነው፤ ወንዙ በሚታጠፍበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ግን 45 ሜትር ይሆናል። 30 ሜትር የሚለው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ውኃ የማይደርስበትን ከፍታ ይከለክላል፤ ውኃ የሚተኛበትን ዝቅታ ግን ይፈቅዳል። ይህ ማለት ደግሞ ደንቡ በመሠረቱ ልክ ነበር፤ ስሕተቱ ልኩ ላይ ነው። ሰፈሩን ሰብስቤ «ደንቡ ይሰረዝ ማለታችንን እናቁም» ስል ተሸጥክ ያሉኝ ነበሩ፤ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብኛል።

ከዚያ የቀረው ያ የጫማ ጉዳይ ነበር። በሰፈራችን የሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ አንድ ልጅ አለ፤ ክረምቱን ከእሱ ጋር ዝናቡንና ጎርፉን መለካት ጀመርን። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠን፣ አፉን ገልብጠን እንደ ማጥለያ አስገባንበት፤ ታቹ ጎድጓዳ ስለሆነ ጠጠር ጨምረን እስከ ቀጥታው ጎን ድረስ ውኃ ሞላነውና ያን ዜሮ አልነው፤ ከጎኑ ማስመሪያ ለጠፍን። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርገን አቆምነው፤ በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ንባቡን በደብተር እጽፋለሁ። በቱቦው አጠገብ ባለው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ደግሞ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሚስማር መታን፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ስንተኛው ሚስማር ላይ እንደደረሰ ቀኑን የሚያሳይ ፎቶ እናነሣለን።

ሂሳቡ ለእኔ ከደመወዝ መዝገብ አልከበደኝም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የተሸነሸነው ጨፌ ስድስት ሄክታር ያህላል፤ ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት የሚወርደው 1,800 ሜትር ኩብ ነው። ሣር በነበረ ጊዜ አብዛኛው እዚያው ይተኛል፣ ይሰርጋል፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይመጣል። በቆርቆሮና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲሆን ግን ከአሥሩ ስምንቱ እጅ ወዲያውኑ ወደ ቦይ ይገባል፤ ዝናቡ በግማሽ ሰዓት የወረደ እንደሆነ በሰከንድ 800 ሊትር ገደማ ወደ ቱቦው ይመጣል ማለት ነው። ልጁ በዚያ ተዳፋት ላይ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ንጹሕ ሆኖ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ከ400 ሊትር ብዙም እንደማያሳልፍ አሰላ። የእኛ ቱቦ ደግሞ በደለልና በፌስታል ግማሹ የተደፈነ ነበር። ሌላም ያስደነቀኝ ነገር ነገረኝ፦ የቱቦ አፍ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የሚያሳልፈው ውኃ እጥፍ አይሆንም፤ በተመሳሳይ ተዳፋት ላይ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በኋላ በስብሰባው ላይ ከ83 ፊርማ በላይ ሠርታልናለች።

ሁለተኛው ደብዳቤያችን አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ሦስት ነገር ጠየቅን፦ የክልከላው መስመር በተለካ የጎርፍ ምልክት ላይ ተመሥርቶ እንዲሰመር፤ የመንገዱ ሁለት ቦዮች ተለያይተው ለየብቻ መውጫ እንዲሰጣቸውና ቱቦው እንዲሰፋ፤ ከጨፌው ገና ያልተሸነሸነው ክፍል ውኃ የሚተኛበት ሆኖ እንዲቆይ። የዝናቡን ሠንጠረዥ፣ የሚስማሮቹን ፎቶዎችና በእጅ የተሣለ ካርታ አባሪ አደረግን። ከሕግ የጠቀስነው ጥቂት ነው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይላል፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 አለ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። በመጠባበቂያነት ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አጠናን፤ ምክንያቱም ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓድ እየሞላ ቤት ያስገባ ነበርና፣ ይህ አዋጅ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኛ እዚያ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። ግልባጭ ለሚመለከታቸው የበላይ አካላት አደረግን። ግልባጭ የሚባለውን ነገር የሚንቅ ሰው አለ፤ እኔ ግን ደብዳቤ ከጠረጴዛ ላይ የሚነሣው ሌላም ሰው እንዳየው ሲታወቅ መሆኑን አይቻለሁ።

ደብዳቤውን ያስገባነው በጥር 2013 ነው፤ ይህንንም አስበንበት ነው። ጎርፉ የሚያስጮኸን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ልብሳችን ሳይደርቅ ሮጠን ስንሄድ የዓመቱ ገንዘብ ተደልድሎ ያለቀ ነው፤ «ለከርሞ ይታያል» ይሉናል፤ በበጋው እኛ እንረሳዋለን፤ በከርሞው ደግሞ እንጮኻለን። ቱቦ የምትፈልጉ ከሆነ አቧራው እየቦነነ እያለ ጠይቁ።

በመጋቢት ውይይት ተጠራን። ፕላኑን ያዘጋጀውን ወጣት ባለሙያ ለሁለት ዓመት እንደ ጠላት ስናየው የኖርን ሰዎች፣ እሱ ሠንጠረዡን አገላብጦ ካየ በኋላ በተናገረው ነገር ደነገጥን፦ 30 ሜትሩን የያዘው የከፍታ ልኬት የሚሠራ ገንዘብ ስላልተገኘ ነው፤ ለአለቆቹ ልኬት ያስፈልጋል ብሎ ሲጠይቅ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። አሁን ወረቀት አገኘ። በግንቦት ሌቭል የሚባለውን የከፍታ መለኪያ ይዘው መጡ፤ እማሆይ ሾላውን አሳዩ፤ ከላይኛው ሰፈር የመጡ ሦስት ሰዎችም አብረውን ዞሩ። እነዚህን ሰዎች ቀደም ሲል ባለመጋበዛችን አፍሬአለሁ። እነሱም ለዚያች ቦታ ለዓመታት ቆጥበዋል፤ ከጣሪያቸው የወረደው ውኃ እኛን እንደሚያጠልቀን ማንም አልነገራቸውም።

ያገኘነው የጠየቅነውን ሁሉ አይደለም። መስመሩ በአዲስ ተሰመረ፤ ከ23ቱ ቤቶች ፈርሶ ከተነሣው ከወታደሩ ቤት ጋር 14ቱ ከክልከላው ወጡ፤ ቀድሞ ውጭ የነበሩ አራት ይዞታዎች ደግሞ ገቡበት፤ ከአራቱ አንዱ የእኔ ማድ ቤት የቆመበት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ውስጥ ቱቦው በባለ አንድ ሜትር ተተካ፤ የቀኙ ቦይም የራሱ መውጫ ተሰጠው። ከጨፌው የተረፈው ታችኛው ጥግ እስካሁን አልተሸነሸነም፤ ውኃ ማቆያ ኩሬ ይቆፈርበታል የተባለው ግን አልተቆፈረም፤ በየዓመቱ በጥር ወር ደብዳቤ እናስገባለን። ቱቦውን ዕድሩ በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ ያጸዳል። ማድ ቤቴን አፍርሼ ከቤቱ ጋር አጣበቅሁት፤ የዚያ ያፈረስኩት ግንብ ድንጋይም የእማሆይ ጎታ ለሚቀመጥበት መደብ ሆነ።

በ2014 ነሐሴ አንድ ሌሊት እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ሌሊት ዘነበ። ጎህ ሲቀድ ጠርሙሱ 38 ላይ ነበር። እማሆይ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና እንደ ልማዳቸው «ስንት ሆነ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ምሰሶው ሄዱ፤ ሁለተኛውን ሚስማር በጣታቸው ዳሰሱና ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ደረቅ ነበር።